32 ኢንች ቲቪ በሞኒተር ቦታ፦ የቀዩ ፊደል ጉዳይ

ቲቪ ለኮምፒውተር ሥራ ይሆናል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ቀይ ፊደል ነው። ነጭ ገጽ ላይ በ12 መጠን በቀይ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር። እሱ ጠርቶ ከተነበበ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል። ካልተነበበ ግን ስለ ስክሪኑ ስፋትም ሆነ ስለ ዋጋው መወያየት ጊዜ ማባከን ነው።

ለምን ቀይ? የምሠራው የእርማት ሥራ ስለሆነ። መጽሐፍና መጽሔት ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እኔ ጋ ይመጣል፤ አንብቤ፣ አርሜ እመልሳለሁ። በወርድ ላይ ትራክ ቼንጅስ ከፍቼ ነው የምሠራው፤ የሰረዝኩትም የጨመርኩትም በቀይ ይታያል፤ ደራሲው አይቶ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ ዓይኔ የሚያርፈው ቀይ ፊደል ላይ ነው። ሌላ ሰው ቲቪ ገዝቶ ኳስ ያይበታል፤ ቀይ ማሊያው ደምቆ ከታየው ይበቃዋል። እኔ ግን ከዚያ ቀይ ውስጥ ‘ሱ’ን ከ‘ሲ’ መለየት አለብኝ።

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ‘ሱ’ ላይ ያለችው ጭረት ከቀኙ እግር መሃል ላይ ትወጣለች፣ ‘ሲ’ ላይ ደግሞ ከግርጌው፤ ‘ሴ’ ግርጌዋ ላይ ቀለበት አላት። ልዩነታቸው ይኸው ነው። በተለመደው መጠን ስክሪን ላይ ሲታዩ ጭረቷ የአንድ ፒክስል ውፍረት ነው ያላት። ላቲን ፊደል አንድ ፒክስል ቢደበዝዝበት ‘ኤ’ው ‘ኤ’ ነው፤ ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን አንድ ፒክስል ከጠፋበት ሌላ ፊደል ይሆናል፤ ‘መጡ’ እና ‘መጢ’ እኩል ይመስላሉ። አራሚ ደግሞ የሚከፈለው እነዚህን ለመለየት ነው።

ቲቪውን የገዛሁት ከ14 ኢንች ላፕቶፕ ላይ አጎንብሼ መሥራት አንገቴንና ዓይኔን ስለጎዳኝ ነው። ሞኒተርም ጠይቄ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። መገናኛ አካባቢ ባዳረስኳቸው ሱቆች አዲስ 24 ኢንች ሞኒተር ከ32 ኢንች ቲቪ ይበልጥ ነበር። ያገለገለ ሞኒተር ርካሽ አለ፤ ግን ዋስትና የለውም፣ ስክሪኑም የቢሮ ዕድሜውን ጨርሶ የመጣ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ፕሌይስቴሽን የሚጫወት ልጅ አለ። አንድ ስክሪን ለሁለታችን፣ ቀን ለእኔ፣ ማታ ለእሱ። ሒሳቡ ይህ ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

የቲቪውን ስም አልጠራም። ያስቸገረኝ ነገር በብዙ ቲቪዎች ላይ ያለ ነው፤ አንዱን ኩባንያ ነጥሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ዝርዝሩ ግን ይኸው፦ 32 ኢንች፣ እውነተኛ 1920 በ1080 ፒክስል፣ ሁለት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ።

‘እውነተኛ’ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። 32 ኢንች ቲቪ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ 1366 በ768 ፒክስል ያለው ነው። ሻጩ ‘ፉል ኤችዲ ይደግፋል’ ይላችኋል፤ አልዋሸም፣ የ1080 ምስል ሲላክለት ተቀብሎ ያሳያል። የሚያሳየው ግን አጥብቦ ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ተቀብሎ አንድ ሚሊዮን ላይ ያጨናንቀዋል። ለፊልም ብዙ አያስከፋም፤ ለፊደል ግን ሞት ነው። ለመለየት ካርቶን ማንበብ አያስፈልግም። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ፒክስል ጥቁር አንድ ፒክስል ነጭ እያደረገ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተሠራ ምስል አዘጋጁ፣ በሙሉ መጠኑ ክፈቱት። ስክሪኑ እውነተኛ ከሆነ ምስሉ ወጥ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ካልሆነ ማዕበል የመሰለ መስመር ይሞላዋል። እኔ ይህን ይዤ ስገባ ሻጩ ደስ አላለውም፤ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ግን የፈለግሁትን አገኘሁ።

እና ቤት መጥቼ ሰካሁት፤ ትራክ ቼንጅስ ከፈትኩ። ጥቁሩ ፊደል ደህና ነው። ቀዩ ግን ተጨማልቋል። የፊደሉ ጠርዝ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ጭረቶቹ እዚያ ሮዝ ጥላ ውስጥ ይዋጣሉ፣ ከሥር የሚሰመረው ቀጭን ቀይ መስመር ደግሞ ከፊደሉ ጋር ይቀላቀላል። ገጹን ጥቁር አድርጌ ስሞክረው ባሰበት፤ ቀይ ፊደሉ ጭርሱን ጭጋግ ሆነ። ሰማያዊውም እንደዚያው። ስክሪኑ ሰባራ ቢሆን ጥቁሩም ይበላሽ ነበር። ጥቁሩ ጠርቶ ቀዩ ለምን ይፈዛል?

ሱቁ ስመለስ የተሰጠኝ መልስ ‘ገመድሽን ቀይሪ’ የሚል ነው። ጫፉ ወርቅ የተቀባ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ ገመድ ወጥቶ ቀረበልኝ። አልገዛሁም። ከልጄ ፕሌይስቴሽን ላይ ገመዱን ነቅዬ ሞከርኩት፤ ቀዩ ፊደል እንደነበረ ነው። ይህን ነገር ለሻጮች ሁሉ ብነግራቸው ደስ ይለኛል፦ የኤችዲኤምአይ ምልክት ዲጂታል ነው። ገመዱ መጥፎ ከሆነ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጠብጣቦች ያወጣል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ጥቁር ፊደል አስተካክሎ አሳልፎ ቀዩን ብቻ የሚያደበዝዝ ገመድ የለም። 1080 በ60 ኸርዝ (በሴኮንድ 60 ምስል) ለማሳለፍ ደግሞ ተራው ገመድ ከበቂ በላይ ነው።

ምክንያቱ ሌላ ነው፤ መነሻውም የቲቪ አሠራር ነው። የሰው ዓይን ብርሃንና ጨለማን ሲለይ በጣም ስል ነው፣ የቀለም ወሰን ሲለይ ግን ደካማ ነው። አሜሪካ በ1953 እ.ኤ.አ. የቀለም ቴሌቪዥንን ደረጃ ስታጸድቅ መሐንዲሶቹ ይህን ድክመት ተጠቀሙበት፦ የብርሃኑን መረጃ በሙሉ፣ የቀለሙን መረጃ ግን አሳንሰው ላኩ። ጥቁርና ነጭ ቲቪ ያለው ሰው የብርሃኑን ብቻ ወስዶ ያያል፤ የቀለም ቲቪ ያለው ሁለቱን ያዋህዳል። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አለ። በዲሽ የሚመጣው ስርጭት፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ፣ ፊልሙ ሁሉ የሚጓዘው በዚህ ዘዴ ነው፤ 4፡2፡0 የሚባለው እሱ ነው። አራት ፒክስሎች፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ብርሃን አላቸው፤ ቀለም ግን ለአራቱም አንድ ነው። 4፡2፡2 ሲሆን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፒክስሎች አንድ ቀለም ይጋራሉ። ኮምፒውተር የሚፈልገው 4፡4፡4 ነው፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል የየራሱ ቀለም።

አሁን የ‘ሱ’ን ጭረት አስቡት። አንድ ፒክስል ቀይ፣ አጠገቡ ነጭ። ቀለሙን ለሁለቱ አማካይ አድርገህ ስጥ ከተባለ ሮዝ ይወጣል። ጥቁርና ነጭ ሲሆን ልዩነቱ የብርሃን ብቻ ስለሆነ አይነካውም። ለዚህ ነው ጥቁሩ የሚጠራው። ላፕቶፑ በትክክል 4፡4፡4 እየላከ ነበር፤ ቲቪው ግን ምስሉን ለማስዋብ ወደ ውስጥ ሲያስገባው ወደ ቪዲዮው ዓይነት ይቀይረዋል። ፊልም መስሎታል። ማንም ኮምፒውተር መሆኑን አልነገረውም።

መፍትሔውን የነገረኝ ሰው ዲሽ ሊያስተካክል የመጣ የሰፈራችን ቲቪ ጠጋኝ ነው። ስክሪኑን አየ፣ ቀዩን ፊደል አየ፣ ሪሞቱን አንስቶ ‘እትዬ፣ የሶርሱን ስም ፒሲ ይበሉት’ አለኝ። ግራ ገባኝ፤ ስም መቀየር ምን ይሠራል? ገባ፣ ‘ኤችዲኤምአይ 1’ የሚለው ላይ ቆመ፣ ከሚመጡት ስሞች ውስጥ ‘ፒሲ’ን መረጠ። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረ። ሲመለስ የ‘ሱ’ ጭረት ቦታዋ ላይ ናት። ቀይ፣ ቀጭን፣ ጠርዟ የተቆረጠ። ከሥሩ ያለው መስመር ከፊደሉ ተለይቶ ወረደ። ‘ሴ’ም ቀለበቷን ይዛ መጣች።

ስሙ ጌጥ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ብዙ የሳምሰንግ ቲቪዎች የግቤቱ ስም ወደ ፒሲ ሲቀየር፣ ብዙ የኤልጂ ቲቪዎች ደግሞ የግቤቱ ምልክት የኮምፒውተር ሲሆን ማስዋቢያውን ትተው 4፡4፡4 ያሳያሉ። በሌሎች ላይ በሥዕል ሞድ ውስጥ ‘ፒሲ’ ወይም ‘ግራፊክስ’ ተብሎ ይገኛል። በአንዳንድ ርካሽ ቲቪዎች ላይ ጭራሽ የለም፤ እነዚያን ለጽሑፍ ሥራ አትንኳቸው።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቲቪውን የሸጠልኝ ሰው ይህን አያውቅም። ገመድ ሊሸጥልኝ የወጣውም አያውቅም። ካርቶኑ ላይ ስለ ስማርት አፕሊኬሽን፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ቀለም ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ግን አንድ መስመር የለም። ስንት ሰው ቲቪ ገዝቶ፣ ሰክቶ፣ ፊደሉ ፈዞበት ‘ቲቪ ለኮምፒውተር አይሆንም’ ብሎ ደመደመ? እኔ ራሴ ልሸጠው ሰው እያፈላለግሁ ነበር። አንድ የሜኑ መስመር የሚያውቅ ሰው ባይመጣ ኖሮ ጥሩ ዕቃ በከንቱ ሄዶ ነበር።

ስለዚህ ‘እህቴ፣ ቲቪ ለኮምፒውተር አይሆንም፣ ዓይንሽን ያጠፋዋል’ ለሚለኝ ሻጭ መልሴ አለኝ። ወንድሜ፣ አንተ ሱቅ ውስጥ የተከፈተው ቲቪ ሁሉ ቪቪድ በሚባለው ሞድ ላይ ነው፤ በኒዮን መብራት መሃል እንዲታይ ብርሃኑ እስከ ጫፍ ተለቅቋል። ያንን ይዞ ቤት ገብቶ ከፊቱ አንድ ሜትር ላይ ያስቀመጠ ሰው ዓይኑ ቢቃጠል አይገርምም። ባክላይቱን፣ ማለትም ከስክሪኑ ኋላ ያለውን መብራት፣ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ብራይትነስ የሚለውን አይደለም፤ እሱ በብዙ ቲቪዎች ላይ ጥቁሩን ነው የሚያነሳና የሚጥለው። ባክላይቱ ሲቀንስ ነጩ ገጽ ወረቀት ይሆናል፣ አምፖሎቹም ረጅም ዕድሜ ያገኛሉ። በአገራችን ጠጋኝ ቤት ከሚገቡት የኤልኢዲ ቲቪዎች ብዙዎቹ ባክላይታቸው የተቃጠለ ነው፤ ጠጋኙን ጠይቁት።

ሌላው ሻጭ ደግሞ ‘4ኬ ውሰጂ’ ይላል፤ የ1080ን አራት እጥፍ ፒክስል ያለውን ማለቱ ነው። በ32 ኢንች ላይ 4ኬ ፊደሉን እጅግ ያሳንሰዋል፤ ዊንዶውስ ላይ ወደ 150 ወይም 200 በመቶ አሳድጎ መጠቀም ግድ ነው። የድሮ ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ መሰኪያው ኤችዲኤምአይ 1.4 ሊሆን ይችላል፤ እሱ 4ኬን በሴኮንድ ከ30 ጊዜ በላይ አያድስም። ማውዙ ሲንቀሳቀስ ይዘላል፣ ገጹ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል። 4ኬ በ60 ለማግኘት ኤችዲኤምአይ 2.0 ያስፈልጋል። የእኔ ላፕቶፕ የለውም። ያለኝን ዕቃ ሳይጠይቁ ትልቅ ቁጥር የሚጠሩ ሻጮች ይሰለቹኛል።

ከፒሲው ስም በፊት አንድ ነገር ተስተካክሎ ነበር፤ ቅደም ተከተሉን ላስረዳ። መጀመሪያ ቀን የዊንዶውስ ታችኛው መስመር ግማሹ ተቆርጦ ነበር፤ ሰዓቱ አይታይም። የኦቨርስካን ጣጣ ነው። የድሮ ባለ ጀርባ ቲቪዎች የምስሉን ጠርዝ ቀጥ አድርገው መሣል ስለማይችሉ ሥዕሉን ትንሽ አሳድገው ጠርዙን ከፍሬሙ ኋላ ይደብቁት ነበር። ጠፍጣፋው ስክሪን ይህ ችግር የለበትም፣ ልማዱ ግን አብሮት መጣ። ሜኑ ውስጥ የሥዕል መጠን የሚለው ጋ ገብቶ ‘ጀስት ስካን’፣ ‘ስክሪን ፊት’ ወይም ‘ፉል ፒክስል’ የተባለውን መምረጥ ነው። ይህን ዝም ብለው የሚያልፉት ሰዎች አሉ፤ ጠርዙ ትንሽ ቢቆረጥ ምን አለ ይላሉ። ያለው ችግር ጠርዙ አይደለም። ምስሉ ከተሳበ አንዱ የላፕቶፕ ፒክስል አንዱ የቲቪ ፒክስል ላይ አያርፍም፤ ፊደሉ ሁሉ ይደበዝዛል። ሻርፕነሱንም ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል፤ ፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጥላ የሚያወጣው እሱ ነው። ጥቁሩ ግራጫ ከመሰላችሁ ደግሞ ላፕቶፑና ቲቪው የተለያየ የብርሃን ክልል ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ቲቪ የለመደው ከ16 እስከ 235 ነው፣ ኮምፒውተር ከ0 እስከ 255። ከሁለቱ አንዱን ወደ ሌላው ማምጣት ይበቃል።

ርቀቱም ወሳኝ ነው። 32 ኢንች ላይ 1080 ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ 69 ገደማ ፒክስል ነው፤ 24 ኢንች ሞኒተር ላይ 92 ይሆናል። ይህን ልዩነት አልክድም፤ ቀርባችሁ ካያችሁ ፒክስሉን ትቆጥሩታላችሁ። መደበኛ ዓይን እነዚህን ፒክስሎች መለየት የሚያቆመው ከ1.25 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው። ጠረጴዛዬን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ቲቪውን ግድግዳው ላይ አሰቀልኩት፤ ኪቦርዱ ጠረጴዛው ላይ፣ ስክሪኑ ከጠረጴዛው ማዶ። ከዚያ ርቀት ላይ የምሠራበት ገጽ ከወረቀት ይሰፋል፣ አንገቴም ቀና ብሏል። አንገቴ መዳኑን ለማንም ሻጭ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ፊደሉን አሳድጊ ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ ቅርጸ ፊደሉም ለውጥ ያመጣል። ኒያላ ለወረቀት ያምራል፣ ስክሪን ላይ በትንሽ መጠን ግን ቀጫጭን ጭረቶቹ ይሳሳሉ። ኢብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ውፍረታቸው እኩል ስለሆነ በዚህ ስክሪን ላይ ይሻላሉ። እርማቱን በኖቶ እሠራለሁ፤ ሲያልቅ ደራሲው ወደሚፈልገው እመልሰዋለሁ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ፤ ሁለተኛው ደንበኛ እሱ ነው። ኳስ ነው የሚጫወተው። ጨዋታው ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ ተቀይሯል፣ በሰፈራችን ግን ዛሬም ፊፋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ‘እማ፣ ይዘገያል’ እያለ ያማርር ነበር። ኳሱን አሳልፍ ብሎ ጆይስቲኩን ይጫናል፣ ተጫዋቹ ቆይቶ ነው የሚመታው። ፕሌይስቴሽን ቤት ሲጫወት ያሸንፋቸው የነበሩ ጓደኞቹ እቤት መጥተው ሲያሸንፉት ቅሬታው ጨመረ። የልጅ ሰበብ አልመሰለኝም፤ ማውዙ ከእጄ ኋላ ሲጎተት እኔም አይቻለሁ።

ስልኬን አውጥተን በዝግታ ቀረጽነው። በሴኮንድ 240 ምስል የሚያነሳ ካሜራ ያለው ስልክ ካላችሁ እናንተም ሞክሩት፤ እያንዳንዱ ምስል አራት ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። አውራ ጣቱ ቁልፉን ሲጫን እና ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ ሲንቀሳቀስ አንድ ላይ ይቀረጻሉ፤ መሃሉን መቁጠር ነው። ከዚያ ልጄ የእሱን መሰኪያ ጌም ሞድ ላይ አደረገውና ደግመን ቀረጽነው። በዓይን የሚታይ ልዩነት አለው፤ መሃሉ ያለው ረድፍ አጠረ።

የሚያዘገየው ያው ማስዋቢያው ነው። ቲቪው እንቅስቃሴውን ለማለስለስና ጭረቱን ለማጥራት ብዙ ምስል ሰብስቦ ያወዳድራል፤ እስኪያወዳድር ይዘገያል። በ60 ኸርዝ አንድ ምስል 16.7 ሚሊሴኮንድ ነው፤ ስድስት ምስል ያህል ከዘገየ 100 ሚሊሴኮንድ አለፈ ማለት ነው። ፊልም ስታዩ ድምፁንም አብሮ ስለሚያዘገየው አታውቁትም። ጆይስቲክ ወይም ማውዝ ስትይዙ ግን እጃችሁ ያውቀዋል። ጌም ሞድ ያንን ሁሉ ያጠፋዋል። በእኔ ቲቪ ላይ ‘ፒሲ’ የሚለው ስምም ያጠፋዋል፤ ማውዙ እጄ ላይ የተመለሰው ከቀዩ ፊደል ጋር በአንድ ጊዜ ነው። አንድ ሰበብ፣ ሁለት በሽታ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ስለ ቲቪው አላማረረም፤ ሲሸነፍ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

የቀሩትን ቶሎ ልለፍ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ቲቪው ይጠፋል፤ ትንሽ ዩፒኤስ አድርጌበታለሁ፣ ይህ መጠን ብዙ ኃይል ስለማይበላ ፋይል አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል። መብራት ሲመለስ ከሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ስታቢላይዘሩ ይጠብቀዋል። ላፕቶፑ ሲተኛ ቲቪው እንደ ሞኒተር አብሮ አይተኛም፤ ‘ምልክት የለም’ ብሎ ይቆያል፣ ሪሞት ማንሳት የግድ ነው። ይህ ያሰለቻል፣ መፍትሔም አላገኘሁለትም። ድምፁ ለኳስ ይበቃል።

ደግሜ እገዛው ነበር ወይ? አዎ፣ ነገም እገዛዋለሁ። ፎቶ የሚያቀልም ወይም በሴኮንድ 144 ምስል የሚፈልግ ተጫዋች ሞኒተር ይግዛ፤ ይህ ስክሪን ከ60 አያልፍም። ፊደል ለሚያነብ፣ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ልጁን ለሚያጫውት ቤት ግን ማንም ሻጭ ‘አይሆንም’ ቢል አልሰማውም። ቀዩን ፊደል ወደ መገናኛ ይዤለት ሄጄ ላሳየው ዝግጁ ነኝ።

ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አላት፤ ለሁለት ጸሐፊዎቿ ስክሪን ልትገዛ ነው። የዳማ ሰሌዳውን ምስልና በቀይ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር በቴሌግራም ልኬላታለሁ፤ ‘ሱ፣ ሲ፣ ሴ’ የሞሉበት ነው። ላፕቶፕሽን ይዘሽ ግቢ፣ ኦቨርስካኑን አጥፊ፣ የግቤቱን ስም ፒሲ አድርጊ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ቁሚና ጮክ ብለሽ አንብቢው አልኳት። ሜኑው ውስጥ ፒሲ የሚል ነገር ከሌለ ዋጋውን እንኳ አትጠይቂ፣ ሌላ ሱቅ ግቢ።